ይመር፣ አቶ ምንዳዬና ክዳን የሌለው መጋዝ

አንድ ቀን፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰው ጎረቤቱን በድምፁ ብቻ በሚለይበት በክረምቱ ወር፣ ይመር የሚባል አናጢ ሁለት ጣቶቹን ለመጋዝ ማሽን ገብሮ ሆስፒታል ገባ።

ይመር በሰፈሩ የታወቀ ጨዋታ አዋቂ ነው። በር ሲሠራም፣ ቁም ሣጥን ሲገጥምም አፉ ሥራ አይፈታም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እንኳ ሰው እሱ አጠገብ መቀመጥ ይፈራል፤ ሳቅ ካመለጠው ነውር ነዋ! የሚሠራው ደግሞ አቶ ምንዳዬ በሚባሉ ሰው የእንጨት ሥራ ቤት ነበር። ምንዳ ማለት መቼም የሥራ ዋጋ ነው። አባታቸው ያንን ስም ሲያወጡላቸው ምን አስበው እንደነበር አይታወቅም፤ ልጅየው ግን ምንዳን በስማቸው ይዘው ቀሩ እንጂ ለሰው ሲሰጡ ያየ ብዙ የለም። ሻይ ቤት ገብተው «ያለ ስኳር ስለጠጣሁ ይቀነስልኝ» ብለው የተከራከሩ ሰው ናቸው።

መጋዙ ሲገዛ ጥርሱን የሚሸፍን የብረት ክዳን ነበረው። አቶ ምንዳዬ ግን ገና በሳምንቱ «ይኼ ነገር ሥራ ያጓትታል» ብለው አስፈቱት። ክዳኑም ያለ ሥራ አልተቀመጠም፤ ገልብጠው ለዶሮዎቻቸው ውኃ ማጠጫ አደረጉት። ሠራተኞቹ ቢያጉረመርሙ፣ «እኛ ቤተሰብ አይደለንም እንዴ? ቤተሰብ ተጠንቅቆ ይሠራል» አሏቸው።

የዚያን ዕለት ይመር የዋንዛ ጣውላ እየሰነጠቀ ነበር። ጣውላው መሃሉ ላይ ጉጥ ነበረበት። መጋዙ ጉጡን ሲያገኘው እንጨቱ እንደ ደነገጠ በቅሎ ተወራጨ፤ የይመር ቀኝ እጅም አብሮት ሄደ። መጀመሪያ ሕመም አልተሰማውም፤ ብርድ ብቻ ነው የተሰማው። ሰጋቱራው ሲቀላ አየና፣

«የማን ደም ነው?» ብሎ ጠየቀ።

አጠገቡ የሚሠራው እሸቱ ከአንገቱ ላይ ፎጣውን መንጭቆ እጁን እየጠቀለለለት ጮኸ። አቶ ምንዳዬ ከቢሯቸው ብቅ አሉ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ይመርን መጋዝ ቆረጠው!»

«ኧረ በገብርኤል! ታዲያ ማሽኑን አታጠፉትም? ቆጣሪው እኮ እየሠራ ነው!»

ይመርን በባጃጅ ወሰዱት። የባጃጁን ሂሳብ የከፈለው እሸቱ ነው።

በማግስቱ አቶ ምንዳዬ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው ሆስፒታል መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና አንዱን ብርቱካን ልጠው፣ ይመር በአንድ እጁ መብላት እንዳያስቸግረው ብለው ይሁን አይታወቅም፣ ራሳቸው በሉት።

«አይዞህ ይመር፤ ለክፉ አይስጥህ። ጣት እኮ አሥር ነው።»

«ልክ ነዎት ጋሼ» አለ ይመር። «ግን ፈጣሪ አሥር አድርጎ ሲሰጠኝ፣ ሁለቱ መለዋወጫ ናቸው አላለኝም።»

አቶ ምንዳዬ ሳል አሉና ሁለተኛውን ብርቱካን አነሱ። እሳቸው እንደወጡ የጎን በሽተኞች ከበቡት።

«የትኞቹ ጣቶችህ ናቸው?» አለው አንዱ።

«መሃል ጣቴና ሌባ ጣቴ። መሃል ጣቴ ታሳዝነኛለች፤ ያለ ጥፋቷ ነው። ሌባዋ ግን እዚያው ወዳጇ ቤት ቀረች።»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እግሩ በጀሶ የታሰረው ሰውዬ «አንተ ሰው፣ አታስቀኝ፣ ያመኛል!» እያለ ለመነው። ሳቁ አልቆ ሁሉም ወደየአልጋው ሲመለስ፣ ይመር የሸሚዙን ቁልፍ ሊቆልፍ ሞከረ። ቁልፏን ያዛት፤ አመለጠችው። ደግሞ ያዛት፤ ደግሞ አመለጠችው። ሚስቱ ከዲጃ ምሳ ይዛ ስትገባ ደረቱን ገልጦ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ አገኘችው። ሳህኑን አስቀምጣ ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች ቆለፈችለት።

«ምነው ዛሬ ዝም አልክ?» አለችው።

«እንጃ» አላት። «መዶሻውን ብቻ ሳይሆን ጨዋታውንም የምይዘው በቀኜ ነበር መሰለኝ።»

ከዲጃ ልትስቅ ብላ አልሆነላትም። ባሏ በር እየሠራ ነው ቤታቸው የቆመው። ሚስማር የማይዝ አናጢ ምን ይሆናል? ይህን ሁለቱም አሰቡት፤ ማናቸውም አልተናገሩትም።

ቁስሉን የምትጠርግለት ነርስ ሲስተር ውብዓለም ትባላለች። ከሥራዋ ጉዳይ በቀር ከሁለት ቃል በላይ የማትናገር ቆፍጣና ሴት ናት። አንድ ጠዋት ፋሻውን እየፈታች፣

«ሥራ ላይ ነው የተጎዳኸው?» አለችው።

«ኧረ የለም ሲስተር፤ መጋዝ ልጎበኝ ገብቼ ነው።»

«ቀልዱን ተወውና ስማኝ። ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ሕክምናውም ካሳውም አሠሪው ላይ ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ይከፍላል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አመልክት።»

«ጥፋት ባይኖርበት እንኳ?»

«ባይኖርበት እንኳ።»

«ጥፋት ያለበትማ ምን ሊውጠው ነው!» አለ ይመር። በዚያ ሳምንት ከልቡ ሲስቅ የታየው ያኔ ነው።

ያም ሆኖ ከሆስፒታል እንደወጣ ወደ ቢሮው አልሮጠም። አብሮ ውሎ አብሮ የበላን ሰው ሳያናግሩ መክሰስ ነውር ነው ብሎ መጀመሪያ ወደ አቶ ምንዳዬ ሄደ። ሲገባ የሱ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። ከገጠር በቅርብ የመጣ ጎልማሳ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ እንጨት ይገፋል። መጋዙ ጥርሱን እንዳገጠጠ ይሽከረከራል። ክዳን የሚባል ነገር አሁንም የለውም። ይመር የሰውየውን ጣቶች አንድ በአንድ ቆጠረ።

አቶ ምንዳዬ በደስታ ተቀበሉት።

«ይመር! እንኳን ለዚህ አበቃህ! ግባ፣ ግባ፤ ቤትህ ነው።»

«ጋሼ፣ ስለ ካሳው ጉዳይ ነበር የመጣሁት።»

የአቶ ምንዳዬ ፊት ጠቆረ። «የምን ካሳ? እኛ እኮ ቤተሰብ ነን! ቤተሰብ ቤተሰቡን ካሳ ይጠይቃል? ሥራ ከሆነ የፈለግኸው፣ መጥረጊያውን አንሳና ሰጋቱራውን ጥረግ። እሱ ብዙ ጣት አይፈልግም።»

ይመር መልስ አላጣም፤ ግን የያዘው መልስ ለሽማግሌ የማይመች ስለነበር ዋጠው። ዞር ብሎ ወደ መጋዙ አየ።

«እሺ፣ የኔን ተዉት። ለዚህ ሰውዬ ሲሉ እንኳ ክዳኑን ይግጠሙለት።»

«ክዳን ያለው መጋዝ ቀርፋፋ ነው።»

«ክዳን የሌለው ደግሞ በላተኛ ነው ጋሼ። አንዴ የሰው ጣት የቀመሰ አውሬ ይለምዳል።»

አዲሱ ሰውዬ ይህን ሲሰማ እጁን ከእንጨቱ ላይ አንስቶ ብብቱ ውስጥ ከተተ። አቶ ምንዳዬ ተቆጥተው «ሠራተኛዬን አታስፈራራብኝ! ውጣልኝ!» አሉ። ይመር ወጣ። መንገድ ላይ ያንገበገበው የካሳው መከልከል አልነበረም። ያ ሰውዬ ነገ ሸሚዙን የሚቆልፍለት ሰው ይኑረው አይኑረው ይመር አያውቅም፤ ያንገበገበው እሱ ነው። በዚያው እግሩ ቢሮውን አፈላልጎ አመለከተ።

የቢሮው ተቆጣጣሪዎች መጡና ክዳኑ እስኪገጠም ድረስ መጋዙን አሸጉት። የሐኪሞች ቦርድ የይመርን እጅ አይቶ የጉዳቱን መጠን ወሰነ፤ ይመርም ክሱን ፍርድ ቤት አስገባ። አቶ ምንዳዬ ደግሞ ሽማግሌ ላኩ፤ «ክስ ቤተሰብ ያፈርሳል» እያሉ። ይመርም ሽማግሌዎቹን አብልቶ አጠጥቶ፣ «የፈረሰውን ቤተሰብ ፍርድ ቤት ያቁመውና እናያለን» ብሎ ሸኛቸው።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ይመር ይናገራል የሚለው ወሬ ቀድሞ ተሰምቶ ስለነበር፣ ችሎቱ ከወትሮው ሞላ። ዳኛዋ መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሰውን ከላይ የሚያዩ፣ በሥራቸው ላይ ቀልድ የማያውቁ ሴት ናቸው። አቶ ምንዳዬ ጠበቃ አቁመዋል፤ ባህሩ የሚባል፣ አንድ ነገር ሲናገር ጣሪያው ላይ የተጻፈ ይመስል ሽቅብ እያየ የሚያነበንብ ሰው ነው።

«የተከበረው ፍርድ ቤት» ብሎ ጀመረ ጠበቃው። «ከሳሽ የደንበኛዬ ሠራተኛ ሆኖ አያውቅም። ደንበኛዬ ርኅሩኅ ሰው ስለሆኑ፣ እንደ ቤተሰብ አቅርበውት፣ እየመጣ እንዲያግዝ፣ እየበላ እየጠጣ እንዲጫወት ፈቀዱለት እንጂ አልቀጠሩትም።»

«እየበላ እየጠጣ» ሲባል እሸቱ ከምስክሮች ወንበር ላይ ትን አለው። ዳኛዋ ወደ ይመር ዞሩ።

«ከሳሽ፣ ምን ይላሉ?»

«ክብርት ዳኛ፣ ቤተሰብ ነን ማለታቸው እውነት ነው፤ አልክድም። ደመወዝ ይጨመርልኝ ያልኩ ዕለት ሁሉ ቤተሰብ ነኝ። የበዓል ጉርሻ ስንጠይቅም ቤተሰብ ነኝ። ያረፈድኩ ዕለት ብቻ ቤተሰብነቱ ይቀርና ከደመወዜ ይቆረጣል።»

አቶ ምንዳዬ ይህን ሰምተው መቀመጥ አቃታቸው። ቁንጥጫ እንደቀመሰ ሰው ብድግ አሉ።

«እንዴታ! ይቆረጣል እንጂ! ሠራተኛ እንዳሻው እያረፈደ ሲመጣ ዝም ብዬ ልመለከት ነው?»

ጠበቃው ከጣሪያው ላይ ዓይኑን አውርዶ ጨፈነው።

«ሠራተኛ ነው ያሉት?» አሉ ዳኛዋ፣ ብዕራቸውን አንስተው።

አቶ ምንዳዬ ጠበቃቸውን አዩ፤ ጠበቃው አላያቸውም። «ማለቴ… ቤተሰብ የሆነ ሠራተኛ ነው» አሉና ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ቀጥሎ እሸቱ ለምስክርነት ተጠራ። እሸቱ ቤቱን የሚያስተዳድረው በዚያው በአቶ ምንዳዬ ደመወዝ ነው። ሲምል ዓይኑ አቶ ምንዳዬ ላይ ነበር። ወደ ይመር እጅ አየና ግን ጉሮሮውን ጠረገ።

«መጋዙ ክዳን ነበረው?» አሉት ዳኛዋ።

«ነበረው። አቶ ምንዳዬ አስፈቱት።»

«አሁን ክዳኑ የት ነው?»

«ዶሮዎቹ ጋ ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

«ዶሮዎች? ምን ያደርግላቸዋል?»

«ውኃ ይጠጡበታል።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አጠለቁ። «ስለዚህ በዚያ ግቢ ውስጥ ክዳኑ የደረሳቸው ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው ማለት ነው» አሉ። ቀልድ መናገራቸው አልነበረም፤ ለዚህ ነው ሰውም ያልሳቀው።

ጠበቃ ባህሩ አንድ የቀረው ነገር ነበር። ሽቅብ ማየቱን ትቶ ይመርን ፊት ለፊት አየው።

«ሕጉ ግልጽ ነው። ሠራተኛ ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪ አይጠየቅም። ከሳሽ ደግሞ ጀማሪ አይደለም፤ ዕድሜውን በሙሉ አናጢ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አናጢ የነበረ ሰው እንዴት በመጋዝ ይቆረጣል? ካሳ ለማግኘት ብሎ ጣቱን ራሱ ሰጥቶ ነው እንጂ!»

ከዲጃ ከኋላ ወንበር ላይ «ያ አላህ!» ብላ ተነሣች፤ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ይዘው አስቀመጧት። ይመር በጨርቅ የተጠመጠመ ቀኝ እጁን አየ። የሆስፒታሉ አልጋ፣ የምታመልጠው ቁልፍ፣ የከዲጃ ዝምታ ሁሉ አንድ ላይ መጡበት። ጮኾ ሊሳደብ ነበር። ግን ከተሳደበ ጠበቃው እንደሚያሸንፈው ያውቃል። ትንፋሹን ሰብሰብ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ክብርት ዳኛ፣ ጣቱን ቆርጦ ለመክበር የሚያስብ ሰው አይጠፋ ይሆናል። ግን ቢያስብም የሚሰጥ ሰው ፈልጎ፣ እዚያ ሄዶ ነው የሚቆርጠው። እስቲ ደሴ ይጠየቅ፤ አቶ ምንዳዬ ይከፍሉኛል ብሎ፣ ጣቱን ተዉት፣ ጥፍሩን የሚቆርጥ ማን ነው?»

ችሎቱ ፈነዳ። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አቶ ምንዳዬ ራሳቸው ሰው ሲስቅ አይተው ፈገግ ብለው ነበር፤ ስለማን እንደሆነ የገባቸው ዘግይቶ ነው። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መትተው ጸጥታ አስከበሩ። ጠበቃውንም «ሆን ብሎ ለማድረጉ ማስረጃ አለዎት?» ብለው ጠየቁት። ጠበቃው ወደ ጣሪያው ቢያይ፣ የዚያን ዕለት ጣሪያው ላይ ምንም አልተጻፈም።

ከሰዓት በኋላ ፍርዱ ተነበበ። ይመር የአቶ ምንዳዬ ሠራተኛ ነው፤ ጉዳቱ የደረሰው በሥራ ላይ ነው፤ ስለዚህ የሕክምና ወጪውንም፣ የአካል ጉዳት ካሳውንም፣ የተኛበትን ጊዜ ደመወዝም አቶ ምንዳዬ እንዲከፍሉ ተወሰነ። ከዲጃ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እሸቱ ነገ ሥራ ይኑረው አይኑረው እንኳ ረስቶ አጨበጨበ፤ ፖሊሱ «ጸጥ በል» አለው፤ ሳይቆጣ።

አቶ ምንዳዬ ግን አልተቀመጡም። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን እንደ ሙሽራ ሰብረው፣ ከዚያ በፊት ማንም ሰምቶት በማያውቅ ለስላሳ ድምፅ ተናገሩ።

«ክብርት ዳኛ፣ ፍርዱን አከብራለሁ። እከፍላለሁ። ግን ትንሽ ጊዜ ይሰጠኝ። ገበያው ቀዝቅዟል፣ መጋዙም ታሽጎብኛል። እግዚአብሔርን፣ ዘንድሮስ በጣም እጅ አጥሮኛል!»

ዳኛዋ ወደ ይመር ዞሩ። «የፍርድ ባለመብት፣ ተቃውሞ አለዎት?»

ይመር ብድግ አለ። ቀኝ እጁ ላይ የጠመጠመውን ጨርቅ ዙር በዙር ፈታና እጁን ሰው ሁሉ እንዲያየው ወደ ላይ ዘረጋ።

«ተቃውሞ የለኝም፣ ክብርት ዳኛ» አለ። «ብቻ ጋሼ ምንዳዬ ወዲህ ይምጡና እንለካካ። እጁ ያጠረው ይቀበል፤ እጁ የረዘመው ይክፈል!»